«አልወለድም» ባዩ ልጅና ቀለም የሌላት ከተማ

(የመግቢያ ሙዚቃ)

በ1955 ዓ.ም. ለገበያ የወጣ አንድ የአማርኛ ልብ ወለድ አለ። ታሪኩ ሲጀመር ዋናው ገጸ ባሕርይ ገና አልተወለደም፤ በእናቱ ማሕፀን ሆኖ ይሟገታል። እናቱ ድሃ ናት። ውጭ የሚጠብቀው ዓለም ጉልበተኛ በልቶ የሚያድርበት፣ ደካማ ተበልቶ የሚቀርበት ነው። ልጁ ይህን ሁሉ መዝኖ የሰጠው መልስ የመጽሐፉ ርእስ ሆነ፦ «አልወለድም»።

የዚህ መጽሐፍ ደራሲ አቤ ጉበኛ የአቸፈር ልጅ ነው። ከዓባይ ማዶ የተነሣ ሰው ድልድዩን ተሻግሮ፣ ባሕር ዳርን አቋርጦ፣ በመራዊ በኩል የዳንግላን መንገድ ቢይዝና ዱርቤቴ ቢደርስ አቸፈር ገባ ማለት ነው። አቤ ልጅነቱን በቤተ ክህነት ትምህርት አሳለፈ፤ ቅኔ ተማረ፤ ኋላ አዲስ አበባ ገብቶ ጋዜጠኛ ሆነ፤ በመጨረሻም በብዕሩ ብቻ ሊኖር ከደፈሩት ቀደምት የአማርኛ ደራስያን አንዱ ለመሆን በቃ። «አልወለድም» ግን ብዙ አልተሸጠም። የንጉሡ መንግሥት ከገበያ አስለቅሞ አገደው። ደራሲውም በጽሑፎቹ ጦስ ወደ ኢሉባቦር፣ ጎሬ፣ በግዞት ተላከ። መጽሐፉ እንደገና ለመታተም የበቃው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው።

የዛሬው ዝግጅት ርእስ ከዚህ መጽሐፍ ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። ፈረንጆቹ ዲስቶፒያ የሚሉት የልብ ወለድ ዓይነት ነው፤ ሰው ሁሉ በአንድ ልክ ተሰፍቶ የሚኖርበትን ምናባዊ አገር እየፈጠረ፣ ከልኩ የወጣው አንዱ ሰው ምን እንደሚደርስበት የሚተርክ። በተለይ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ10ዎቹ መጀመሪያ እስከ 20 ለሆኑ አንባቢዎች የሚጻፈው። ዓመተ ምሕረቱ ሲደባለቅ አድማጭ ግራ እንዳይጋባ፣ የአገራችንን መጻሕፍት በኢትዮጵያ፣ የውጭዎቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እንጠራለን።

ዘሩ የሚቆጠረው ከአንድ ሩሲያዊ ነው። የቭጌኒ ዛሚያቲን እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1921 «እኛ» የተሰኘ ልብ ወለድ ጻፈ። በዚያ አገር ሰው ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው። የቤቱ ግድግዳ መስተዋት ስለሆነ ጎረቤት ሁሉ ጎረቤቱን ያያል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ በ1924 ሲወጣ፣ በተጻፈባት ሶቪየት ኅብረት የታተመው በ1988 ነው። ጆርጅ ኦርዌል ይህን መጽሐፍ አንብቦ ሒስ ጽፎበታል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1949፣ «1984»ን አወጣ።

እነዚህ ለአዋቂ የተጻፉ ናቸው። ወደ ልጆቹ መደርደሪያ የገባው ሐሳብ ትንሽ መልኩን ለወጠ። አሜሪካዊቷ ማደለን ሌንግል በ1962 ባሳተመችው መጽሐፍ አንዲት ፕላኔት አለች፤ የሰፈሩ ልጆች በየደጃቸው ኳስ ሲያነጥሩ ሁሉም በአንድ ምት ነው። አንድ ልጅ ምቱን ሲያፋልስ እናቱ በድንጋጤ ትሮጣለች። እንግሊዛዊው ጆን ክሪስቶፈር በ1967 የጻፈው ደግሞ ልጆች 14 ዓመት ሲሞላቸው በራሳቸው ቅል ላይ የብረት መረብ የሚደፋበትን ዓለም ያሳያል። መረቡን የደፋ ሰው ጥያቄ መጠየቅ ይተዋል። ከመደፋቱ በፊት ያለችው ያቺ አንድ ዓመት የመጽሐፉ ሙሉ ጭንቀት ናት። የ13 ዓመት አንባቢ ይህን ሲያነብ ስለ ማን እንደሚነገር ወዲያው ይገባዋል።

ከሁሉም ረዘም ላለ ጊዜ ልንቆይበት የሚገባው ግን የሎይስ ሎውሪ «ዘ ጊቨር» ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ታተመ፤ በዓመቱ በአሜሪካ ለልጆች ሥነ ጽሑፍ የሚሰጠውን የኒውቤሪ ሽልማት ወሰደ። ጆናስ የሚባል የ11 ዓመት ልጅ የሚኖርባት ከተማ ረኀብ የለባትም፤ ጦርነት የለባትም፤ ስድብ እንኳ የለባትም። ቤተሰብ የሚመሠረተው በማመልከቻ ነው፤ ለአንድ ቤት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ይታደላሉ። ልጆች 9 ዓመት ሲሞላቸው ሁሉም በአንድ ቀን ብስክሌት ይሰጣቸዋል። 12 ሲሞላቸው ሽማግሌዎች በሕዝብ ፊት ሥራቸውን ይመድቡላቸዋል። ጠዋት ቤተሰቡ ሌሊት ያየውን ሕልም ይናገራል፤ ማታ ደግሞ ቀን የተሰማውን ስሜት። የሚደበቅ ነገር የለም።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ትንሽ ዝርዝር አለች፤ ብዙ አንባቢ ያልፋታል። ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆች የሚለብሱት ጃኬት ቁልፉ በጀርባ በኩል ነው። ለምን ቢሉ፣ ማንም ብቻውን እንዳይቆልፍ፣ እርስ በርስ መረዳዳትን እንዲማሩ ነው። እንዴት ያለ ቆንጆ ሐሳብ ነው! ደግሞም እንዴት ያለ ማነቆ! ሎውሪ ከብዙዎቹ የዘርፉ ጸሐፊዎች የምትበልጠው እዚህ ላይ ነው። ጨቋኙን ጢሙን ያሳደገ አምባገነን አድርጋ አላመጣችውም። ቁጥጥሩ የሚመጣው በእንክብካቤ፣ በጨዋነት፣ በ«ይቅርታ» እና በ«ይቅር ብያለሁ» ነው። የጆናስ አባት ደግ ሰው ነው፤ ሕፃናትን ይንከባከባል፤ እዚያው ሥራው ላይ ግን መንታ ከሆኑት ጨቅላዎች ክብደቱ ያነሰውን በመርፌ ይገድላል። ከተማዋ ይህን «ማሰናበት» ትለዋለች።

በየቤቱ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። መመሪያ ያነባል፤ ስም ሳይጠራ ጥፋተኛውን ይገሥጻል፤ ማንም ሊያጠፋው አይችልም። ይህን ዝግጅት የሚያዳምጥ ሰው ከሰለቸው የሬዲዮውን ማዞሪያ ማዞር ይችላል፤ መብቱም ነው። በጆናስ ከተማ ግን ድምፅ ማጉያውን ማጥፋት የተፈቀደለት አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። እሱም የከተማዋ «ትዝታ ተቀባይ» ነው። ሌላው ሰው ሁሉ የረሳውን፣ ወይም እንዲረሳ የተደረገውን፣ የጥንቱን ዓለም ትዝታ ብቻውን ተሸክሟል፤ በረዶውን፣ ጦርነቱን፣ አያትነትን፣ ቀለምን። ከተማዋ ቀለም የላትም። የሽማግሌው ተተኪ ሆኖ የሚመረጠው ጆናስ ከቀለማት መጀመሪያ የሚያየው ቀይን ነው።

እንግዲህ በዚህ መጽሐፍ ሰውን ባሪያ ያደረገው መርሳት ነው፤ ነጻ የሚያወጣው ደግሞ ማስታወስ። የአሜሪካ አንባቢ ይህን ሲያነብ ራሱን ይነቀንቃል። ጎጃም ላይ ሲነበብ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

(አጭር የሙዚቃ ማረፊያ)

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የዲስቶፒያ መጽሐፍ አይደለም። ስለ ወደፊቱ ዘመን አይደለም፤ የፈጠራ ማሽንም የለበትም። መንቆረርን፣ ማንኩሳን፣ ዲማን ነው የሚተርከው። ሆኖም አንድን ወጣት እንዴት አድርጎ ማኅበረሰብ እንደሚቀርጸው ማወቅ ለሚፈልግ ከሱ የተሻለ የአማርኛ መጽሐፍ ማግኘት ያስቸግራል። በዚያ ዓለም ማንም ምንም አልረሳም። ፊታውራሪ መሸሻ የቅድመ አያቶቻቸውን ስም እስከ ላይ ያስታውሳሉ፤ ችግሩም እሱ ነው። ለሰብለ ወንጌል ባል የሚሆን ሰው የሚጠፋው አገሩ ሰው አጥቶ ሳይሆን፣ በፊታውራሪ የዘር ቆጠራ ሲመዘን ሁሉም እየጎደለ ነው። በጆናስ ከተማ ትዝታ ብርሃን ነው፤ በፊታውራሪ ቤት ትዝታ አጥር ነው።

የበዛብህ ነገር ደግሞ ከጆናስ ጋር ጎን ለጎን ቢነበብ ያስገርማል። ለጆናስ ሥራውን የመደቡለት ሽማግሌዎች ናቸው፤ በ12 ዓመቱ። በዛብህን ግን እናቱ ገና በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር ተሳለችው። ልጇ ቢተርፍ ሳያገባ እግዚአብሔርን ሊያገለግል ብጽዓት አደረገች። ከፍቅር የተነሣ። ልጁ አድጎ ሰብለን ሲወድ፣ መንገዱን የሚዘጋበት የፊታውራሪ ኩራት ብቻ አይደለም፤ የእናቱ ፍቅርም ነው። ሎውሪ በጃኬቱ ቁልፍ የነገረችንን ሐዲስ በብጽዓቱ ቀድመው ጽፈውት ነበር፤ ያውም ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ።

ከዚያ ጉዱ ካሳ አለ።

ብዙ ኢትዮጵያዊ ይህን ሰው የሚያውቀው በንባብ ሳይሆን በጆሮው ነው፤ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ። ካሳ ዳምጤ የተማረ ሰው ነው፤ ቅኔ የተቀኘ፣ ትውልዱም ከባላባቶቹ የሆነ። የሚናገረውን ነገር ሰው ይሰማል፤ እውነት እንደሆነም ልቡ ያውቀዋል። ማኅበረሰቡ ግን ዝም ያሰኘው ስም አውጥቶለት ነው። «ጉዱ» ተባለ፤ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ሁሉ የእብድ ወሬ ሆነ። ይህ ከድምፅ ማጉያና ከብረት መረብ ይልቅ ርካሽና አስተማማኝ ነው። ዘበኛ አይፈልግም። ደመወዝ አይጠይቅም። በየትኛውም ሰፈርና በየትኛውም ትምህርት ቤት ዛሬም ይሠራል፤ ለአንድ ልጅ የወጣ ቅጽል ስም ያን ልጅ ለዓመታት አፉን ሲያዘጋው ያላየ አስተማሪ የለም። ይሉኝታ የሚባለው ትልቁ ጠባቂያችን ደግሞ የቀረውን ይሠራል።

እዚህ ላይ ለወጣቶች በሚጻፈው ዲስቶፒያ ላይ አንድ ቅሬታ መናገር ይገባል። ብዙዎቹ አንባቢውን ያባብሉታል። አሜሪካዊቷ ቬሮኒካ ሮት በ2011 ያወጣችው «ዳይቨርጀንት» ሕዝቡን በጠባዩ በአምስት ወገን ይከፍለዋል፤ ጀግናዋ በአንድ ወገን ብቻ የማትወሰን ልዩ ፍጡር ናት። አንባቢዋም መጽሐፉን ዘግታ «እኔም ልዩ ነኝ፤ ሌላው መንጋ ነው» ብላ ትተኛለች። ጉዱ ካሳ ይህን ምቾት አይሰጥም። ወጣት አይደለም፤ ቆንጆ አይደለም፤ አላሸነፈምም። የተለየ መሆን ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያሳየው እሱ ነው።

በጎጃም የኖረው ሥርዓት ግን ጥብቅ ቢሆንም ቀዳዳ ነበረው፤ ያውም ራሱ ሥርዓቱ የከፈተው። የቅኔ ቤት ነው። የቆሎ ተማሪ አገሩን ጥሎ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይሄዳል። እዚያ ዜማው በልክ ነው፤ የመምህሩ ክብር አይነካም፤ የቤቱ ሕግ ያሥራል። ነገር ግን ተማሪው በየቀኑ አዲስ ቅኔ መቁጠር አለበት። የሌላ ሰው ቅኔ ቢያመጣ ሌባ ይባላል። የራሱንም የትናንቱን ቢደግም አያስመሰግነውም። በሌላው ሁሉ አባቱን እንዲመስል የሚፈለግበት ልጅ፣ በዚህ አንድ ነገር ማንንም እንዳይመስል ይገደዳል። ሰምና ወርቅ ደግሞ በጌታው ፊት ጌታውን ለመውቀስ አስችሎታል። አቤ ጉበኛም፣ ሐዲስ ዓለማየሁም፣ በልብ ወለድ ጉዱ ካሳም ከዚሁ ቤት መውጣታቸው በአጋጣሚ አይመስልም።

ለሴቶች ልጆች ይህ ቀዳዳ እምብዛም አልተከፈተም። ስለዚህ በልብ ወለዶቻችን ሴቷ ሌላ መንገድ ትይዛለች። ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስባት ዘጌ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የትውልድ ቦታ ናት። አፈወርቅ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው፣ ኋላ «ጦቢያ» በሚል የታወቀው ልብ ወለድ በአማርኛ የመጀመሪያው ነው፤ በውስጡም ወጣቷ ጦቢያ ወንድሟን ለመፈለግ የወንድ ልብስ ለብሳ ትወጣለች። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ሰብለ ወንጌልም የአባቷን ቤት ጥላ ስትወጣ መነኩሴ መስላ፣ «አባ ዓለም ለምኔ» ተብላ ነው። በሁለቱም መጻሕፍት ሴቷ እንደ ልቧ መንገድ የምትሄደው ማንነቷን ስትደብቅ ነው። ይህን ለማየት የወደፊት ዘመን መፍጠር አላስፈለገም።

(አጭር የሙዚቃ ማረፊያ)

ልብ ወለዱን ትተን ወደ ታሪክ ብንወርድ፣ በዚህች አገር አንድ ትውልድ ዲስቶፒያን አንብቦ ሳይሆን ኖሮ ያወቀበት ዘመን ነበር። ደርግ የተባለው ወታደራዊ መንግሥት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ያወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ነዋሪውንም በቀበሌ አደራጀው። ሥራው ኪራይ መሰብሰብ፣ ሰፈር ማልማት፣ ትንንሽ ክርክር መዳኘት ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ያው ቀበሌ የአብዮት ጥበቃ ጓድ ያለው፣ ማን የት እንዳደረ የሚጠይቅ፣ የሚያሥር ሆነ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደርግ «ቀይ ሽብር» ባለው ግድያ ካለቁት አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ተማሪዎች። ዛሬ አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው መታሰቢያ ሙዚየም ፎቶግራፎቻቸውን ይዟል። ለደግ ሥራ የተቋቋመ ነገር እንዴት ዓይንና ጆሮ እንደሚሆን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ሎውሪም አልነበራት።

ደራስያኑም አልተረፉም። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ፤ መጽሐፉ ወዲያው ታገደ፣ ከገበያም ተለቀመ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፤ እስካሁን መቃብሩ አይታወቅም። አቤ ጉበኛም፣ በመካከሉ አሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የደራስያን መርሐ ግብር ተካፍሎ የተመለሰው፣ በ1972 ዓ.ም. በደርግ ዘመን ሞተ፤ አሟሟቱ ዛሬም ያነጋግራል።

እነዚህን መጻሕፍት ልጅ ቢያነብ ምን ይጠቅመዋል፣ ዝም ብሎ ዓመፀኛ አያደርገውም ወይ የሚሉ ወላጆች አሉ። አሜሪካም ውስጥ «ዘ ጊቨር» ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እንዲወጣ ደጋግመው የጠየቁ ወላጆች ነበሩ። ጭንቀታቸው ቀልድ አይደለም። መጽሐፉ ጨቅላ ሲገደል ያሳያል፤ ይከብዳል። ነገር ግን ወጣት አንባቢ ከልብ ወለድ የሚወስደውን ማንም አስቀድሞ አይመድብለትም። ሱዛን ኮሊንስ «ዘ ሀንገር ጌምስ»ን በ2008 ስታወጣ፣ ሐሳቡ የመጣላት ማታ ቴሌቪዥን ስትቀያይር እንደሆነ ተናግራለች፤ በአንዱ ጣቢያ ወጣቶች ለሽልማት ይወዳደራሉ፣ በሌላው የኢራቅ ጦርነት ይታያል። በመጽሐፉ 12 ግዛቶች በየዓመቱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ለመገዳደል ይልካሉ፤ ሕዝቡም በስክሪን ያያል። ጀግናዋ ካትኒስ በግዛቷ ሰዎች ዘንድ የመሰናበቻና የአክብሮት ምልክት የሆነውን ሦስት ጣት ማንሣት ትጠቀማለች። በ2014 ታይላንድ ውስጥ ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ተማሪዎች አደባባይ ወጥተው እነዚያኑ ሦስት ጣቶች አነሡ፤ በዚሁ ምክንያት የታሠሩም ነበሩ። በ2021 ምልክቱ ምያንማር ላይ ታየ። ኮሊንስ ስትጽፈው ስለ ባንኮክ አላሰበችም።

ግለሰብ ሁሉ ትክክል፣ ማኅበር ሁሉ ክፉ ነው ማለት ግን የእነዚህ መጻሕፍት ደካማ አነባበብ ነው። ዕድር፣ ወንፈል፣ ደቦ የጆናስ ከተማ አይደሉም። ለቅሶ ላይ ጎረቤት የሚመጣው በኮሚቴ ተመድቦ አይደለም። ልዩነቱን ለማወቅ የሚረዳው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ከዚህ ነገር የማይፈልግ ሰው ሊወጣ ይችላል ወይ? ሲወጣስ ምን ይባላል? ጉዱ ካሳ ሁለተኛውን ጥያቄ በሕይወቱ መለሰው።

«አልወለድም» ያለው ልጅ ከሁሉም የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጆናስ ከከተማዋ ሸሸ፤ የክሪስቶፈር ልጆች ወደ ተራራ ሸሹ፤ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ሸሸ። የአቤ ልጅ ግን የሚሸሽበት የለውም፤ ገና አልገባም። ደጃፍ ላይ ቆሞ የቤቱን ሕግ ይጠይቃል። በዓለም ላይ ካሉት የዲስቶፒያ ጀግኖች በዕድሜ ከሱ የሚያንስ መኖሩ ያጠራጥራል፤ በክርክርም ከሱ የሚበልጥ ብዙ የለም። ይህን መጽሐፍ በአስተዳደር ላይ የተጻፈ ክስ አድርጎ ብቻ ማንበብ ያሳንሰዋል፤ ወላጅና ማኅበረሰብ ለሚመጣው ልጅ ምን አዘጋጅተው እንደሚጠብቁት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

በዓባይ ማዶ፣ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ያላችሁ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መምህራን፣ አንድ ልመና አለን። በሚቀጥለው የንባብ ክፍለ ጊዜያችሁ የጉዱ ካሳን ምዕራፎችና የጆናስን የጃኬት ቁልፍ አንድ ላይ ለተማሪዎቻችሁ አንብቡላቸው፤ ከዚያ እያንዳንዳቸው የሰፈራቸውን ያልተጻፈ ሕግ አንድ አንድ ይጻፉ፤ ማንን እንደሚጠቅም፣ ማንን እንደሚያንቅ ይናገሩ። ስም አይጥሩ። እናንተም ወላጆች፣ «አልወለድም» በመደርደሪያችሁ ላይ አቧራ እየጠጣ ከሆነ አውርዳችሁ ለጎረቤት ልጅ አውሱት።